እንግሊዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስለ ፍልስጤምና አካባቢዋ የገባቻቸውን ሦስት ቃሎች እንዴት እናንብብ?

እኔ ከመጨረሻው፣ ከእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከባልፎር መግለጫ ጀምሬ ተምታታብኝ። እናንተ በቅደም ተከተል ሂዱ (ዘመኑ እ.ኤ.አ. ነው)።

መጀመሪያ ካርታ ዘርጉ። በግብፅ የእንግሊዝ ከፍተኛ ኮሚሽነር የነበረው ማክማሆን ኦክቶበር 24 ቀን 1915 ለመካው ሸሪፍ ሁሴን የጻፈውን ደብዳቤ አውጡ። ደማስቆን፣ ሆምስን፣ ሃማንና አሌፖን በእርሳስ አገናኙ። ከእነዚህ በስተምዕራብ ያለው የሶርያ ክፍል ለአረቦች ከተገባው የነጻነት ቃል ውጭ ነው ይላል። አሁን ኢየሩሳሌምን ፈልጉ። መስመሩ ደማስቆ ላይ አለቀ፤ እሷ ግን ወደ ደቡብ ወርዳ ቁጭ ብላለች። ታዲያ ፍልስጤም ከቃሉ ውስጥ ናት ወይስ ውጭ? ጭቅጭቁ እዚህ ነው።

የ1916ቱን የሳይክስ-ፒኮ ስምምነት ቶሎ እለፉት፤ እንግሊዝና ፈረንሳይ የኦቶማንን የአረብ ግዛቶች በምስጢር ሲከፋፈሉ ነው።

የ1917ቱን የባልፎር መግለጫ ግን ቃል በቃል አንብቡ። በፍልስጤም ለአይሁድ «ብሔራዊ መኖሪያ» ይላል እንጂ «መንግሥት» አይልም። ብዙኃኑ አረቦች በስማቸው እንኳ አልተጠሩም፤ «አይሁድ ያልሆኑ ማኅበረሰቦች» ናቸው። የሲቪልና የሃይማኖት መብታቸው ተጠቅሷል። «ፖለቲካዊ» የሚለውንስ? አንዴ ታገኙታላችሁ፤ እሱም በሌላ አገር ላሉ አይሁዶች ነው።