የአውሮፓን ህዳሴ ዘመን ትርጉም ለመረዳት ከየት እንጀምር?

«ሬኔሳንስ» የፈረንሳይኛ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ዳግም ልደት ነው፤ እኛ «ህዳሴ» እንለዋለን። ስለዚህ ዘመን ማንበብ የሚጀምር ሰው አስቀድሞ ስሙን ማን እንዳወጣው ይጠይቅ። ጣልያናዊው ሠዓሊ ጆርጆ ቫዛሪ የሠዓልያንን ሕይወት በጻፈበትና በ1550 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በታተመው መጽሐፉ የጥበብን ዳግም መወለድ አንሥቷል፤ ቃሉን የአንድ ሙሉ ዘመን መጠሪያ አድርገው ያጸኑት ግን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተነሡት የታሪክ ጸሐፊዎች ዡል ሚሽሌና ያኮብ ቡርክሃርት ናቸው። «ዳግም ተወለደ» ማለት ከዚያ በፊት ሞቶ ነበር ማለት ስለሆነ፣ ስያሜው ራሱ ፍርድ ነው፤ የፓሪስንና የቦሎኛን የመካከለኛው ዘመን ዩኒቨርሲቲዎች ለሚያውቅ ደግሞ የተጋነነ ፍርድ ነው።

ቀጥሎ የሚመረመረው፣ የተለወጠው ምን እንደሆነ ነው። የመካከለኛው ዘመን ሊቃውንትም የሮም ደራስያንን ያነቡ ነበርና፣ ለውጡ ከመጻሕፍቱ ይልቅ በአነባበቡ ላይ ይታያል። ለዚህ ከጣልያናዊው ምሁር ከሎሬንዞ ቫላ ሥራ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ የምዕራቡን ግዛት ለሮም ጳጳስ እንደሰጠ የሚናገር አንድ ሰነድ ለዘመናት ሲጠቀስ ኖሯል። ቫላ በ1440 የሰነዱን ላቲን ቃል በቃል ሲመረምር «ሳትራፕ» የሚል የሹመት ስም አገኘና፣ በቆስጠንጢኖስ ዘመን የሮም ሹማምንት በዚህ ስም የማይጠሩ ከሆነ ጽሑፉ እንዴት የእርሱ ሊሆን ይችላል ሲል ሞገተ። ሰነዱ ሐሰተኛ ነበር። ቋንቋ ዕድሜ እንዳለው፣ ያለፈው ዘመንም ከራስ ዘመን የተለየ እንደሆነ መገንዘብ፣ በእኔ አስተያየት የህዳሴ ዋና ፍሬ ነገር ነው።

ከዚያ አንድ ሥዕል ተመርጦ ቀስ ተብሎ ይታይ። በፍሎረንስ ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው የሠዓሊው ማሳቾ «ሥላሴ»፣ በ1427 ገደማ የተሣለ፣ ለዚህ ይስማማል፤ በሥዕሉ ጣሪያ ላይ ያሉት መስመሮች ከመስቀሉ ግርጌ፣ በተመልካቹ ዓይን ትይዩ ወዳለ አንድ ነጥብ ስለሚያመሩ፣ ጠፍጣፋው ግድግዳ ተቦርቡሮ ወደ ውስጥ የዘለቀ ክፍል ይመስላል።

የህዳሴን መጀመሪያ በአንድ ዓመት መቁረጥ አያዋጣም። ብዙዎች የግሪክ ሊቃውንት ዕውቀታቸውን ይዘው ወደ ኢጣሊያ ተሰደዱ በማለት ቁስጥንጥንያ የወደቀችበትን 1453ን ይጠቅሳሉ፤ ነገር ግን ከቁስጥንጥንያ የመጣው ምሁር ማኑኤል ክሪሶሎራስ ፍሎረንስ ውስጥ ግሪክኛ ማስተማር የጀመረው በ1397 ነው።