ሐረጎን ሲወርዱ የሚያስቸግር የፋይበር ብየዳ፦ ችግርና መፍትሄ

የኦቲዲአሩን (ብርሃን ወደ ፋይበሩ ልኮ የሚመለሰውን የሚለካውን መሣሪያ) መስመር ስታነቡ መጀመሪያ አንድ ነገር ለዩ። መስመሩ አንድ ቦታ ላይ በድንገት ከወረደ ጉዳዩ የብየዳ ወይም የአቀማመጥ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል እያዘቀዘቀ ከልክ በላይ ከወረደ ግን መስታወቱን ጠርጥሩ። ለዛሬ ሲንግል ሞድ ፋይበር በ1310 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ በኪሎ ሜትር 0.35፣ በ1550 ደግሞ 0.20 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የብክነት መለኪያ) አካባቢ ጤነኛ ቁጥር ነው።

ደሴ ላይ ደህና ሲበይድ የነበረው ስፕላይሰር (የፋይበር መበየጃ ማሽን) ኮምቦልቻ ላይ ያበላሻል

ምልክቱ፦ መገጣጠሚያው በስክሪኑ ላይ አብጦ ወይም ቀጥኖ ይታያል፤ ብክነቱ ከ0.1 ዲቢ ያልፋል።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ የአየር ግፊቱ ይጨምራል፤ በኤሌክትሮዶቹ መካከል የሚፈጠረው ብልጭታ የሚሰጠው ሙቀትም አብሮ ይለወጣል። ዘመናዊ ማሽኖች ግፊቱን ለክተው ራሳቸውን ያስተካክላሉ፤ ያም ሆኖ ቦታ ስትቀይሩ አርክ ካሊብሬሽን (የብልጭታውን ኃይል ለቦታው ማስተካከል) ሳትሠሩ ሥራ አትጀምሩ። ደጋግማችሁ ሠርታችሁም ውጤቱ ካልረጋ ኤሌክትሮዶቹን እዩ፤ የመስታወት ትነት ለብሰው ይሆናል። ማጽዳት ካልረዳ በጥንድ ይቀየሩ።

ሌላም አለ። ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት በቀጥታ የገባ ማሽን ሌንሱ ጤዛ ይይዛል። ሻይ እስክትጠጡ ድረስ ክዳኑን ከፍታችሁ አቆዩት።

መገጣጠሚያው ውስጥ አረፋ አለ

አቆራረጡ መጥፎ ነው ወይም ጫፉ ቆሽሿል። በአልኮል ጥረጉ፣ የክሊቨሩን (የፋይበር መቁረጫውን) ምላጭ አዙሩ፣ እንደገና ቁረጡ።

በ1310 ደህና ነው፣ በ1550 ግን ይወርዳል

ፋይበሩ የሆነ ቦታ ተጣጥፏል። ረጅሙ ሞገድ ከጥምዝ ላይ ቶሎ ያመልጣል። ሳጥኑን ክፈቱና የጥቅሉን ራዲየስ ከ30 ሚሊሜትር በላይ አድርጉት።

ኦቲዲአሩ መገጣጠሚያው ላይ ብርሃን ጨመረ ይላል

ብየዳ ብርሃን አይጨምርም። የተለያየ ፋብሪካ ወይም የተለያየ ዘመን ሁለት ፋይበሮች ሲገናኙ ወደ ኋላ የሚመልሱት ብርሃን ስለሚለያይ መሣሪያው ይሳሳታል። ልዩነቱ የሚወሰነው ፋይበሩ ከመሳቡ በፊት፣ ወፍራሙ የመስታወት ዘንግ (ፕሪፎርም) ሲሠራ ነው። የመሐሉ መስታወት ውስጥ የሚገባው የጀርማኒየም መጠንና የዚሁ መሐል ውፍረት እዚያ ላይ ያልቃል፤ ዘንጉ እንደ ፀጉር ሲሳብም ቅርጹን ይዞ ይቀጥናል። ስለዚህ ከደሴም ከኮምቦልቻም በኩል ለኩና አማካዩን ውሰዱ። ከአንድ ወገን ብቻ ለክቶ «ተጠናቀቀ» ብሎ የሚፈርም ቢሮ ብዙ ነው።

በ1383 ናኖሜትር አካባቢ ብቻ ብክነቱ ይዘላል

ይህ የድሮ ፋይበር ምልክት ነው። ዘንጉ ሲሠራ የቀረ የውሃ ቅሪት መስታወቱ ውስጥ ታስሯል። ዛሬ ፋብሪካዎች ጥላሸት የመሰለውን ሲሊካ ከማቅለጣቸው በፊት በክሎሪን ጋዝ ያደርቁታል። መስክ ላይ የሚደረግ ጥገና የለም፤ ስለዚህ ሳትለፉ መስመሩን በ1310 እና በ1550 ተጠቀሙበት።