ለብርድ ወራት የሞተር ጉዞ የሚሞቅ ጓንት እንዴት ይመረጣል?

በኅዳርና በታኅሣሥ ጎህ ሲቀድ ከጎንደር ተነስቶ ወደ ደባርቅ ሞተር የሚነዳ ሰው ብርዱ መጀመሪያ የት እንደሚይዘው ያውቃል። በመንገዱ ላይ ያለችው ኮሶዬ ሳይደርስ ጣቶቹን ያጣቸዋል። ጋቢ ቢደርብ፣ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቢዘጋ፣ እጁ መሪው ላይ ሆኖ ነፋሱን ፊት ለፊት ይቀበላል። ጎንደር ያለችው 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ርቃ 2,800 ሜትር ገደማ ትሆናለች። አየሩ 5 ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ብትነዱ፣ ለተጋለጠ ቆዳ ብርዱ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ያህል ነው። የደነዘዘ ጣት ደግሞ ፍሬን ዘግይቶ ይይዛል፤ የተጫነች አህያ ድንገት አስፋልቱን ስታቋርጥ ያ መዘግየት ምን ማለት እንደሆነ መንገዱን የሚያውቅ አያጣውም።

ወደ ሞቃታማው መተማ ለምትወርዱ ይህ ሁሉ ትርፍ ወጪ ነው። ወደ ዳባትና ደባርቅ ለምትወጡ ግን እንቀጥል።

1. ከጓንቱ በፊት ሞተራችሁን እዩ

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ተሳስቻለሁ። የሚሞቅ ጓንት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የእጅ አንጓ ላይ በምትቀመጥ ትንሽ ሊቲየም ባትሪ ይሠራል። ሌላው በሽቦ ከሞተሩ 12 ቮልት ባትሪ ጋር ይገናኛል። በሽቦ የሚሠራው ጉዞው እስኪያልቅ ይሞቃል፤ ነገር ግን ጥንዱ በአብዛኛው ከ25 እስከ 30 ዋት ይወስዳል። የትንሽ ሞተር የፊት መብራት 35 ዋት ያህል መሆኑን ስታስቡ፣ ሁለተኛ መብራት እንደ መጨመር ነው። ትልልቅ ሞተሮች ይህን አይቆጥሩትም። በ100 እና በ150 ሲሲ ላይ ግን አስቀድሞ መለካት ይሻላል።

መለኪያው ቀላል ነው። ቴስተር ያለው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ጋ ሂዱ፣ ሞተሩን አስነስታችሁ መብራቱን አብሩ፣ ጓንቱ የሚወስደውን ያህል ጭነት ጨምሩበት (አንድ ተጨማሪ አምፖል ይበቃል)፣ ነዳጅ መጠነኛ እየሰጣችሁ የባትሪውን ቮልት አስነብቡ። ከ13 በላይ ከሆነ ደህና ነው። ከ12.5 በታች ከወረደ ባትሪው እየሞላ ሳይሆን እየተበላ ነው፤ ደባርቅ ላይ ሞተር ገፍቶ ማስነሳት ካልፈለጋችሁ በራሱ ባትሪ የሚሠራውን ጓንት ምረጡ።

ሽቦውን ስታስገጥሙ ቁልፍ ሲጠፋ አብሮ ከሚጠፋ መስመር ይውሰዱላችሁ፤ 5 አምፔር ፊውዝም ይግባበት። ፊውዝ ለምን ያስፈልጋል የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

2. ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ራሳችሁ አስሉ

ማሸጊያው ላይ «6 ሰዓት» ብሎ የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ በዝቅተኛው ሙቀት ነው። ቮልቱን በአምፔር ሰዓት አባዙት። 7.4 ቮልት፣ 2,200 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል ባትሪ 16 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። አንዱ ጓንት በከፍተኛ ሙቀት 8 ዋት የሚበላ ከሆነ ሁለት ሰዓት ነው፤ ብርድ ደግሞ ከሊቲየም ባትሪ ላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ጠዋት ሄዶ ማታ ለሚመለስ ሁለተኛ ጥንድ ባትሪ ወይም ደባርቅ ላይ ቻርጅ ማድረጊያ ቦታ ያስፈልጋል፤ መብራት ከኖረ ነው ይኼም።

3. ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ቻርጀሩን አስቀድማችሁ አንብቡ

ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለው ጓንት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ዘመድ ሲልክ ነው። እህቴ ከአሜሪካ የላከችልኝን ጥንድ ሶኬት ላይ ስሰካው ጢስ ሸተተኝ። ቻርጀሩ ለ110 ቮልት ብቻ የተሠራ ነበር፤ የእኛ 220 ነው። «100–240» የሚል ጽሑፍ ካለበት አትስጉ፤ ከሌለበት በዩኤስቢ ቻርጅ የሚደረገውን ላኩልኝ በሉ። ለሚያመጣው ሰውም ንገሩት፦ ተጨማሪ የሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይሄድም።

4. ሙቀቱ የት እንደሚደርስ ፈትሹ

ርካሾቹ አይበሉባውን ብቻ ያሞቃሉ። ደህናው ጓንት ማሞቂያ ክሩ በየጣቱ ዙሪያ እስከ ጫፍ ይዞራል፣ አውራ ጣትንም አይዘልም። ጓንቱን አብርታችሁ አምስት ደቂቃ ጠብቁና የትንሿን ጣት ጫፍ ከውስጥ ዳስሱ። እሷ ከሞቀች ሌሎቹም አይቀሩም።

5. ሞተረኛ የሚወድቅ መሆኑን አትርሱ

ቅዳሜ ገበያ ከሳልባጁ መሃል የበረዶ ሸርተቴ ጓንት ብታገኙ ይሞቃል፣ ዋጋውም ደስ ይላል። ግን መዳፉ ወፍራም ስለሆነ ፍሪሲዮን ስትይዙ ስሜት ይነሳል፣ አስፋልት ላይ ሲንሸራተትም ቶሎ ይቀደዳል። የአውሮፓው የሞተረኛ ጓንት ደረጃ ኢኤን 13594 ነው፤ ቁጥሩ ውስጡ ባለው ምልክት ላይ መኖሩን እዩ። መዳፉ ቆዳ፣ የጣት አንጓው ላይ ጠንካራ መከላከያ፣ የእጅ አንጓው ላይ የሚጠብቅ ማሰሪያ ይኑረው። ማሰሪያውን አጥብቃችሁትም ተጎትቶ የሚወልቅ ጓንት ስትወድቁም ይወልቃል።

6. ልክ

አውራ ጣትን ሳትጨምሩ የመዳፋችሁን ሰፊ ቦታ ዙሪያውን በልብስ ሰፊ ሜትር ለኩ። 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከሆነ ቁጥር 8፣ 23 ያህል ከሆነ ቁጥር 9 ነው። የጠበበ ጓንት ደም ስለሚከለክል ማሞቂያው ከንቱ ይሆናል፤ የሰፋ ደግሞ ሙቀቱን ከቆዳችሁ ያርቀዋል። ለብሳችሁት መሪ ጨብጡ እንጂ እጃችሁን ዘርግታችሁ አትለኩ።

7. ከገዛችሁ በኋላ

እስከ ኮሶዬ ደርሳችሁ ተመለሱበት፤ ረጅም መንገድ ይዛችሁት አትጀምሩ። ገና ከቤት ስትወጡ በዝቅተኛው አብሩት። ጣት ከደነዘዘ በኋላ ከፍተኛውን መክፈት ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል፣ ሕመሙም አይሰማም፤ ስኳር ያለበት ሰው በዚህ ላይ ይበልጥ ይጠንቀቅ። ባለ ሽቦው ከሆነ ደግሞ ከሞተር ከመውረዳችሁ በፊት ሽቦውን ንቀሉ።

ውኃ ውስጥ አትዘፍዝፉት፣ አትጭመቁትም፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉትና በጥላ ይድረቅ። የብርዱ ወራት አልፎ ስታስቀምጡት ባትሪውን አውጥታችሁ ግማሽ ያህል ሞልታችሁ አኑሩት። ባዶውን ለወራት የተተወ ባትሪ በኅዳር ላይነሳ ይችላል።