ከመርከብ ቀለም ውስጥ ቲን ሲጠፋባችሁ፦ ችግርና መፍትሄ

ቲን የሚባለውን ሜታል የምንለካው በአቶሚክ አብዞርፕሽን ነው፣ ናሙናው የሚውጠውን ብርሃን አይቶ ሜታል የሚለካ መሣሪያ ማለት ነው። የመሣሪያው ካሊብሬሽን፣ ብላንክ (ናሙና የሌለበት ባዶ ልኬት)፣ ላምፕ ምናምን ቼክ ተደርጓል ብዬ ነው የምጀምረው።

ችግር፦ ቀለሙ አልጌና ዛጎል እንዳይለጠፍበት ትሪቢዩቲልቲን (ቲን ያለበት መርዝ) የታሰረበት ፖሊመር እንዳለው ይታወቃል፣ አቶሚክ አብዞርፕሽኑ ግን ቲን የለም ይላችኋል። መዳቡና ዚንኩ ልክ ናቸው።

ምክንያት፦ ናይትሪክ አሲድ ብቻ ነው የጨመራችሁት። እኔ ጋ የሚመጣው ነገር ሁሉ ይሄው ነው፣ ሰለቸኝ። መዳብና ዚንክ በናይትሪክ ሙልጭ ብለው ይሟሟሉ፣ ቲን ግን ኦክሳይድ ይሆንና ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ታች ቁጭ ይላል። አንዷ ተማሪ ከአዘዞ እየተመላለሰች የሠራችውን ይዛ መጣች፣ ዝቃጩን "ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው" ብላ አጥልላ ፊልተር ፔፐሩን ቅርጫት ከታዋለች፣ የጠራውን ለክታ "ቀለሙ ከቲን ነፃ ነው" ብላ ቲሲሱ ላይ ጽፋለች! እ.ኤ.አ. በ2001 የጸደቀውና በ2008 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ ስምምነት እኮ ይሄን ቀለም ከልክሏል፣ ናሙና ሲመረመር የሚታየው ጣሪያ በኪሎ ደረቅ ቀለም 2500 ሚሊግራም ቲን ነው፣ እንግዲህ በናይትሪክ ብቻ የተሠራ ዳይጀስሽን (ናሙናን በአሲድ ማሟሟት) የተከለከለውን ሁሉ ነፃ ሊያወጣ ነው። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድም አብሮ ሊኖር ይችላል፣ ስለዚህ በዓይን አትፍረዱ።

መፍትሄ፦ ሃይድሮክሎሪክ ከመጀመሪያው ይግባ፣ የመጨረሻው ሶሉሽንም ስታንዳርዱም (መጠኑ የታወቀው ማነጻጸሪያ) 10 ፐርሰንት አካባቢ ሃይድሮክሎሪክ ይኑራቸው። አንዴ የዘቀጠውን ለማዳን አትድከሙ፣ የቆየ ኦክሳይድ እሺ አይልም፣ አዲስ ሳምፕል መዝኑ። ከዚያ ሁለተኛ ሳምፕል ላይ አሲድ ሳይገባ በፊት የታወቀ ቲን ጨምራችሁ አብራችሁ አስኪዱ፣ የጨመራችሁት ካልተመለሰ ቲኑ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

ተጠንቀቁ፦ ሃይድሮክሎሪክ ጨምሮ በክፍት ቢከር እስኪደርቅ ማፍላት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፣ ቲን ቴትራክሎራይድ የሚፈላው 114 ዲግሪ ላይ ስለሆነ በኖ ይሄዳል። በክዳን ሥሩ። ቲነር ያልደረቀበት ቀለም ላይ ናይትሪክ አታፍስሱ፣ ይፈነዳል!! አሴቶንም ሁዱ (ጭስ የሚስበው ካቢኔ) ውስጥ አይግባ። መብራት ሲሄድ፣ ጎንደር ደግሞ መሄዱ አይቀርም፣ የሁዱ ፋን ይቆማል አሲዱ ግን ማጨሱን አያቆምም፣ ሆት ፕሌቱን ንቀሉና ውጡ።

ሌሎቹ ችግሮች ብዙም አያጋጥሙም። የፈለጋችሁት ፖሊመሩ ላይ የታሰረውን መዳብ ብቻ ሆኖ ውጤቱ ፖሊመሩ ሊይዝ ከሚችለው በላይ ከሆነ፣ ፒግመንቱን (የቀለሙን ዱቄት) ኩፕረስ ኦክሳይድን አብራችሁ ለክታችኋል፣ በቴትራሃይድሮፉራን አሟሙታችሁ ሴንትሪፊውጅ አድርጉና ላዩን ውሰዱ። የዚንክ ብላንክ ከፍ ካለ መጀመሪያ የምጠረጥረው የላስቲክ ጓንት ነው፣ ርካሹን ጓንት አጥቦ ደግሞ የሚያደርግ ሰው እዚሁ ላብ ውስጥ አለ።