ጫካው ከጠዋት፣ ባሕሩ ከሰዓት፦ የአንድ ቀን ደርሶ መልስ

ጫካና ባሕር ዳርቻን በአንድ ቀን የሚያይ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው በቅደም ተከተሉ ነው። ባሕሩ ያጓጓዋልና መጀመሪያ እዚያ ይሮጣል፤ ከዚያ በረጠበ እግርና አሸዋ በገባበት ጫማ ጫካ ይገባል። ካልሲ ውስጥ የገባ አሸዋ ደግሞ ብርጭቆ ወረቀት ማለት ነው፤ ብዙም ሳይራመዱ ተረከዝ ውሃ ይቋጥራል። ስለዚህ ጫካውን አስቀድሙ።

ከከተማው ከሁለት ሰዓት በላይ የሚያስነዳ ቦታ ለአንድ ቀን አይመከርም። ንጋት 12 ሰዓት ውጡ።

ከመሄዳችሁ በፊት ማታውኑ የባሕሩን የመሙያና የመጉደያ ሰዓት ሰሌዳ እዩ። በአብዛኛው ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በአንዱ ሙላትና በሚቀጥለው መካከል 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ስላለ ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል፤ ያለፈው ሳምንት ሰዓት ለዚህኛው አይሠራም። ውሃው በጣም ከሚጎድልበት ሁለት ሰዓት ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን በሙላቱና በጉድለቱ ከፍታ መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል፦ አሸዋው ሰፊ ይሆናል፣ ሲመለስም ውሃው ከፍ ብሎ ይመጣል። ገደል ሥር የሚንሸራሸር ሰው መውጫ የሚያጣው ያኔ ነው። የሚመቸው ሰዓት ጠዋት ከሆነ ግን ባሕሩን አስቀድሙ፤ እግር መታጠቢያ አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውሃና ቅያሪ ካልሲ ግን አይቅር።

የጫካውን መንገድ እንዲህ አስሉት፦ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት። ይህ ሳያርፍ ለሚሄድ ጠንካራ ሰው ነው፤ ልጆች ካሉ ግማሹን ጨምሩበት። ለአንድ ሰው በሰዓት ግማሽ ሊትር ውሃ ያዙ። የምትመለሱበትን ሰዓት ስትገቡ ቁረጡ፣ መጨረሻው ላይ ባትደርሱም ተመለሱ።

መዥገር ባለበት አካባቢ ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ። ስትወጡ ከጉልበት ጀርባ፣ ወገብ፣ ብብትና የፀጉር ሥር ይፈተሽ። ከተገኘ ጫፉ ቀጭን በሆነ ወረንጦ ቆዳው ድረስ ተጠግታችሁ ያዙትና ሳትጠመዝዙ ቀጥ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። በክብሪት መለብለብና ቅባት መቀባት ትርፉ ጊዜ ማባከን ነው።

ባሕር ዳርቻ ከሰዓት በኋላ የሚነፍሰው ነፋስ ያታልላል፤ ቆዳው እየተቃጠለ ሰውየው ቀዝቅዞኛል ይላል። ጨረሩ የሚበረታው ከጠዋቱ 4 እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ነው። ኤስፒኤፍ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ቀድማችሁ ተቀቡ፤ በየሁለት ሰዓቱና ከውሃ በወጣችሁ ቁጥር ድገሙት።

ውሃ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ከፍ ካለ ቦታ ቆማችሁ አሥር ደቂቃ ባሕሩን እዩ። ግራና ቀኙ ሞገዱ እየተሰበረ መሐሉ ላይ ጸጥ ያለና ጠቆር ያለ ውሃ ካለ፣ አረፋውም ወደ ጥልቁ የሚሄድ ከሆነ፣ እሱ ጎታች ነው፤ ሰውን ከዳርቻው ወደ ጥልቁ የሚስብ የውሃ ፍሰት ማለት ነው። ልጆች ግን ረጋ ያለ ስለሚመስላቸው እዚያው ነው የሚገቡት። ጎታቹ ወደ ታች አያሰምጥም፣ ወደ ውጭ ይወስዳል እንጂ። ፊት ለፊት አትታገሉት፤ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝታችሁ ስትወጡለት ወደ መሬት ተመለሱ። ከደከማችሁ ተንሳፈፉና እጅ አንሡ። ነፍስ አድን ሠራተኛ ያለበትን ዳርቻ መምረጥ ከዚህ ሁሉ ይሻላል።

መኪናውን አሸዋ ላይ አታቁሙ። ከሰመጠ ነዳጅ መርገጡን ወዲያው ተዉ፤ ጎማው በዞረ ቁጥር ጉድጓዱን ያጠልቃል። ከጎማዎቹ ፊት ያለውን አሸዋ ዝቃችሁ የጎማውን አየር እስከ 18 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) አስተንፍሱ። ይህ ግን መንፊያ ለያዘ ብቻ ነው፤ በተነፈሰ ጎማ አስፋልት ላይ መፍጠን ጎማውን አግሎ ያፈነዳዋል። ክሪክም ከሥሩ ጣውላ ካልተደረገለት እሱ ራሱ ይሰምጣል።

ማታ የሚነዳው ሰው ጠዋት ይወሰን፤ ሌላው ሲዋኝ እሱ ጥላ ሥር ይተኛ። ቁልፉም እሱ ጋ ይቀመጥ፤ ኤሌክትሮኒክ ቁልፍ ጨው ውሃ ከነካው መኪናው ላይነሣ ይችላል።