ለእንግሊዝኛ ልምምድ የውጭ አገር የብዕር ጓደኛ ማግኘትና በጥንቃቄ መጻጻፍ

ኢንተርኔት ከመስፋፋቱ በፊት የውጭ አገር የብዕር ጓደኛ የሚሻ ተማሪ ስሙንና የፖስታ ሣጥን ቁጥሩን በመጽሔት ያወጣ ነበር፤ አለዚያም በፊንላንድ ቱርኩ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 2008 ይሠራ እንደነበረው ኢንተርናሽናል ዩዝ ሰርቪስ ባሉ አገናኝ ድርጅቶች በኩል ቅጽ ሞልቶ ለሳምንታት ይጠብቃል። ዛሬ የሚጻጻፉትን ሰው ማግኘት የደቂቃዎች ጉዳይ ሆኗል፤ የሚከብደው መምረጡና መጻጻፉን ማዝለቁ ነው። ቋንቋን የሚያሻሽለው ረጋ ብለው የሚጽፉት ረዘም ያለ ደብዳቤ ነው፤ አጭበርባሪንም ከምንም በላይ የሚያሰለቸው ይኸው ዝግታ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የሚያጠነጥነው በእርሱ ላይ ነው።

ከማን ጋር ይጻጻፉ?

አብዛኛው ጀማሪ በቀጥታ አሜሪካዊ ወይም እንግሊዛዊ ፍለጋ ይገባል። ይህ ግን የሚመስለውን ያህል አያዋጣም። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው የሆነ ሰው ከእርስዎ የሚፈልገው ነገር ከሌለ ከጥቂት ደብዳቤዎች በኋላ ይሰለቻል፤ አጭበርባሪዎችም ብዙ ሰው እንደሚጓጓለት ስለሚያውቁ በአብዛኛው የሚለብሱት ይህንኑ ማንነት ነው። እንደ እርስዎ እንግሊዝኛን በመማር ላይ ያለ የፖላንድ፣ የብራዚል፣ የቱርክ ወይም የጃፓን ሰው ግን ለመጻፍ የራሱ ምክንያት አለው፤ ቀለል ባሉ ቃላት ስለሚጽፍም ደብዳቤውን ሳይጨነቁ ያነቡታል። ስሕተቱ ይጋባብኛል የሚል ስጋት ሊያድርብዎ ይችላል። ሆኖም በዚህ ደረጃ የሚጎድለው አብዛኛውን ጊዜ የሰዋስው ሕግ ሳይሆን ሳይፈሩ የመጻፍ ልማድ ነው፤ ልማዱ ደግሞ እኩያ በሆኑ ሰዎች መካከል ይበልጥ ይዳብራል።

አማርኛዎም ቢሆን የሚፈለግ ሀብት መሆኑን አይዘንጉ። በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው፣ በስቶክሆልም ወይም በእስራኤል ተወልደው ያደጉ፣ ወላጆቻቸው የሚያወሩትን አማርኛ ቢሰሙም ፊደሉን የማይጽፉ ወጣቶች አሉ። በሕፃንነታቸው በጉዲፈቻ ሄደው ካደጉ በኋላ ቋንቋውን መማር የጀመሩም አሉ። ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር ሲጻጻፉ እርስዎ በእንግሊዝኛ፣ እርሱ በአማርኛ ጽፎ መተራረም ይቻላል። በእኔ ግምት ከሁሉም ዘላቂ የሚሆነው ይህ ዓይነቱ ልውውጥ ነው።

የት ይገኛሉ?

እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተው ኢንተርፓልስ በቋንቋ፣ በአገርና በዝንባሌ እየመረጡ ጓደኛ የሚፈልጉበት ገጽ ነው፤ ሰፊ ስለሆነ እንደ ማንኛውም ሰፊ ገበያ ከደህናው ጋር የማይረባውም ይገኝበታል። ስሎውሊ የተባለው የስልክ መተግበሪያ በላኪውና በተቀባዩ መካከል ባለው ርቀት መጠን ደብዳቤውን አዘግይቶ ስለሚያደርስ ተጠቃሚው ረዘም አድርጎ እንዲጽፍ ያበረታታል፤ ለዚህ ዓላማ እኔ የማስቀድመው እርሱን ነው። ሄሎቶክና ታንደም ለቋንቋ ልውውጥ ተብለው የተሠሩና የጓደኛን ጽሑፍ ለማረም የሚያስችል መሣሪያ ያላቸው ናቸው፤ ይሁን እንጂ የሚያዘነብሉት ወደ ፈጣን ወሬ ነው። በእጅ መጻፍ ለሚወድ ሰው እ.ኤ.አ. በ2005 በፖርቱጋል የተጀመረው ፖስትክሮሲንግ አለ፤ እዚያ ዕጣ ለደረሰዎት ሰው ፖስትካርድ ይልካሉ፣ እርስዎም ከሌላ ሰው ይደርስዎታል። በኢትዮጵያ ደብዳቤ የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን በመሆኑ መኖሪያ ቤትዎን ሳያሳውቁ አድራሻ መስጠት መቻልዎ ትልቅ ጥቅም ነው። የራስዎ ሣጥን ከሌለዎት የትምህርት ቤትዎን ወይም የመሥሪያ ቤትዎን አስፈቅደው መጠቀም ይችላሉ።

ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በእነዚህ መንገዶች ብቻቸውን ባይገቡ ይመረጣል። ለእነርሱ የሚበጀው የእንግሊዝኛ መምህራቸው ከሌላ አገር መምህር ጋር ተስማምቶ፣ ደብዳቤዎቹ በሁለቱ መምህራን እጅ እያለፉ ክፍል ከክፍል ጋር የሚጻጻፍበት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው ደብዳቤ

«ሃይ፣ ሃው አር ዩ? አይ ዎንት ቱ ቢ ዩር ፍሬንድ» የሚል መልእክት በየቀኑ ለብዙ ሰው ስለሚደርስ መልስ አያገኝም። የሰውየውን ገጽ አንብበው ከዚያ አንድ ነገር ያንሡ፤ ከራስዎ ኑሮ አንድ በዓይን የሚታይ ነገር ይጨምሩ፤ በአንድ ጥያቄም ይዝጉ። ይዘቱ ይህን ሊመስል ይችላል፦ «ብስክሌት መጠገን እንደምትወድ ከገጽህ አነበብሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ጧት ብርዱ ጣት ያደርቃል። በሰፈራችን ያለው ጠጋኝ ጎማ ሲበሳ ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ይፈልጋል። አንተስ እንዴት ታገኘዋለህ?» ለዚህ መልስ መስጠት ቀላል ነው፤ የቤተሰብን፣ የጤናንና የአየሩን ደኅንነት በየተራ እየጠየቀ ገጽ ከሚሞላ ሰላምታ ይልቅም ስለ እርስዎ ብዙ ይናገራል።

ደብዳቤውን በአማርኛ ጽፎ በመተርጎሚያ ማስገልበጥ ልምምዱን ከንቱ ያደርገዋል። መጀመሪያ በራስዎ እንግሊዝኛ ይጻፉ፣ ከዚያ በመሣሪያ ያስፈትሹ፣ የተገኘውንም ስሕተት በአንድ ደብተር ያስፍሩ። በአማርኛ ግሡ ባለቤቱን ስለሚሸከም በእንግሊዝኛ «አይ»ን ወይም «ሺ»ን መዝለል፣ እንዲሁም «ዘ»ን መርሳት የብዙዎቻችን ስሕተት ነው፤ ደብተሩ እየሞላ ሲሄድ የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ይለያል።

ቀጠሮ ሲይዙ ወይም ቀን ሲጠቅሱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የእኛ ጧት ሦስት ሰዓት ለእነርሱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ያውም የሰዓት ክልሉ ልዩነት ሳይጨመር። የዘመን አቆጣጠራችንም በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚለይ «በ2015 ተመረቅሁ» ብሎ መጻፍ ያደናግራል። የአሥራ ሦስት ወራት ነገር ለአንድ ሙሉ ደብዳቤ የሚበቃ ጨዋታ ነውና ይጠቀሙበት።

ጥንቃቄ

በመጀመሪያዎቹ ወራት የመጠሪያ ስምና የከተማ ስም በቂ ነው። የአባትና የአያት ስም፣ የትምህርት ቤት ስምና የሰፈር ምልክት ሲደማመሩ አንድን ሰው በቀላሉ ያስገኛሉ፤ የደንብ ልብስ ወይም የግቢ በር የሚታይበት ፎቶግራፍም እንዲሁ። ለመጻጻፍ ብቻ የሚያገለግል የኢሜይል አድራሻ ይክፈቱ። ፎቶ በቴሌግራም ሲልኩ በፋይል መልክ ከላኩት የተነሣበት ቦታ መረጃ አብሮት ሊሄድ ስለሚችል በተራው የፎቶ መንገድ ይላኩት። የፋይዳ ቁጥርን፣ የፓስፖርት ቅጂን፣ የባንክና የቴሌብር መረጃን ለማንም የብዕር ጓደኛ መስጠት የሚያስፈልግበት ምክንያት የለም። «በስሕተት ወደ ስልክህ ኮድ ልኬአለሁ፣ መልሰህ ላክልኝ» የሚል ሰው የሚፈልገው የእርስዎን የዋትስአፕ ወይም የቴሌግራም መለያ መንጠቅ ነው።

ሰውየውን ለመመዘን ፎቶው ሌላ የት እንደወጣ ጉግል ሌንስ ወይም ቲንአይ በተባሉት የምስል መፈለጊያዎች ይፈልጉት፤ በሌላ ስም ከወጣ ነገሩ ያበቃል። ረጅም ደብዳቤ ዛሬ በማሽንም ስለሚጻፍ ርዝመቱ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። የሚያስተማምነው ሰውየው የጠየቁትን በትክክል መመለሱ፣ ከወር በፊት የነገሩትን ማስታወሱና የራሱን ታሪክ አለመለዋወጡ ነው። በሦስተኛው ቀን «እወድሃለሁ» ወይም «እወድሻለሁ» የሚል፣ ከመድረኩ (ከተዋወቃችሁበት ገጽ ወይም መተግበሪያ) ወጥተን በሌላ እናውራ እያለ የሚያጣድፍ፣ የጊፍት ካርድ የሚጠይቅ፣ ሥራና ቪዛ እንደሚያስገኝ የሚምል ሰው የእንግሊዝኛ ጓደኛ አይደለም። የቪዛው ተስፋ ወደ ደላላ እጅ ሊያደርስ ስለሚችል በተለይ ወደ ዓረብ አገሮች መሄድ የሚያስቡ ወጣቶች ይጠንቀቁ።

ደጋግሞ የሚታይ አንድ ማታለያ አለ። ራሱን የውጭ አገር መሐንዲስ ወይም ወታደር ያደረገ ሰው ላፕቶፕና ስልክ በስጦታ እንደላከ ይጽፋል፤ የእሽጉን ፎቶም ያያይዛል። በማግሥቱ የጉምሩክ ወይም የማጓጓዣ ድርጅት ሠራተኛ ነኝ የሚል ሰው ደውሎ እቃው መያዙን ይነግርዎታል፤ ዛሬውኑ በግለሰብ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ገንዘብ እንዲያስገቡም ያዝዎታል። የጉምሩክ ቀረጥ በግለሰብ ሒሳብ አይከፈልም። እውነተኛ እሽግ ከመጣ ፖስታ ቤት ወይም ድርጅቱ ቢሮ ሄደው በደረሰኝ ይከፍላሉ።

የእርቃን ፎቶ የሚጠይቅ ሰው ቀጥሎ የሚያደርገው ማስፈራራት ነው። አስቀድሞ ተልኮ ከሆነ ገንዘብ አይክፈሉ፤ አንድ ጊዜ የከፈለን ሰው ደጋግመው ይጠይቁታልና። መልእክቶቹን በስክሪንሾት ያስቀሩ፣ ከዚያ ሰውየው መልእክት እንዳይልክልዎ ያግዱት፣ ለመድረኩም ያመልክቱ። ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በላይ ለሆነ ስቶፕኤንሲአይአይ፣ ከዚያ በታች ለሆኑ ደግሞ ቴክ ኢት ዳውን የተባሉት ነጻ አገልግሎቶች ምስሉ ከስልክዎ ሳይወጣ የምስሉን አሻራ (ምስሉን የሚለይ ኮድ) ብቻ ወስደው ተባባሪ የሆኑ መድረኮች እንዲያግዱት ያደርጋሉ። በኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር አማካይነት ሰውን ማስፈራራትን በወንጀል ስለሚያስቀጣ ማስረጃውን ይዞ ለፖሊስ ማመልከት ይቻላል። ልጆች ለወላጅ የሚናገሩት ወቀሳን ካልፈሩ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ወላጆች ይህ ነገር ከመድረሱ በፊት ቢያወያዩአቸው ይሻላል።

ደህናው ጓደኛም ቢሆን አንዳንድ ጊዜ ዝም ይላል። በሁለት ሳምንት አንድ ደብዳቤ ለሁለቱም ወገን የማይከብድ መጠን ነው። አንድ ወር ካለፈ አጭር ማስታወሻ አንድ ጊዜ ብቻ ይላኩ፤ ለዚያም መልስ ካልመጣ ለሌላ ሰው ይጻፉ። እርስዎ ማቆም ሲፈልጉ ደግሞ ምክንያት መደርደር አይጠበቅብዎትም፤ ጊዜ እንዳጠረዎት ገልጸው ስለ ደብዳቤዎቹ አመስግነው መሰናበት ይበቃል።