ጸጥ ያለ ማቆያ አትመኙ፦ ሞግዚቶችን ከሕፃናቱ አጠገብ ሆኖ ማሰልጠን

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ማለትም 1156/2011፣ ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ የሚሰጣት ፈቃድ 90 የሥራ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ልጁ ወይ አያቱ ጋ፣ ወይ ሞግዚት ጋ፣ ወይ የሕፃናት ማቆያ ይውላል። ጅማ ውስጥ ማቆያ ለከፈታችሁ፣ ለመክፈት ላሰባችሁ ወይም ቤታችሁ ሞግዚት ለቀጠራችሁ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ የራሴን ስህተት ልናገር። የመጀመሪያ ስልጠናዬን የሰጠሁት አዳራሽ ተከራይቼ ነው። ሦስት ቀን፣ ፕሮጀክተር፣ ሻይ ቡና፣ መጨረሻ ላይ የምስክር ወረቀት። ሰኞ ጠዋት ማቆያው ስገባ ሁሉም እንደነበረ ነው። ልጆቹ ሰሌን ላይ ተደርድረዋል፣ ቴሌቪዥኑ በርቷል፣ ሞግዚቶቹ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። «እትዬ፣ ዛሬ እንዴት ጨዋ ሆነው እንደዋሉ ብታዪ!» አለችኝ አንዷ። ከልቧ ነው። ጸጥታ የጥሩ ሥራ ምልክት እንዳልሆነ በሦስቱ ቀን ውስጥ አልነገርኳትማ።

ስለዚህ አዳራሹን ተዉት። እንዲህ ጀምሩ።

1. አንድ ጠዋት ዝም ብላችሁ እዩ

ያችን ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ይዛችሁ ጥግ ቁጭ በሉ። ዝቅ ያለች ስለሆነች ዓይናችሁ ልጆቹ ዓይን ላይ ያርፋል። ደብተር ያዙና አንድ ነገር ብቻ ቁጠሩ፦ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሞግዚቷ ከትእዛዝ ውጪ ልጆቹን ስንት ጊዜ አናገረች? «ና»፣ «ተው»፣ «ብላ»፣ «ዝም በል» አይቆጠሩም። ቁጥሩ ያስደነግጣችኋል። ሌላው ሰው ፊት ግን አታንሱት፤ ለብቻዋ ንገሯት።

በዚያው ስለ ራሷ ጠይቋት። ብዙዎቹ ታናናሾቻቸውን አዝለው ያሳደጉ ናቸው። ልጅ መያዝ አዲስ ነገር አይደለም ለእነሱ። ከምታውቀው ብትነሱ ትሰማችኋለች።

2. ዳይፐር መቀየሪያውን የትምህርት ሰዓት አድርጉት

የሥልጠናው ልብ እዚህ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ።

ሕፃን የሚማረው ምላሽ ሲያገኝ ነው። «አጉ» ይላል፣ አንድ ሰው «አጉ! ምን አልከኝ?» ይለዋል፣ እሱ ደግሞ እግሩን እያራገበ ይመልሳል። ልክ እንደ ኳስ ቅብብል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንጎል በጣም በፍጥነት ስለሚያድግ፣ ይህ ትንሽ ቅብብል ለቋንቋም ለመተማመንም መሠረት ይጥላል።

ሞግዚቷ ግን «ጊዜ የለኝም» ትላለች፣ እውነቷን ነው። አዲስ ሰዓት አትጨምሩባት። ዳይፐር በቀን ስድስት ጊዜ ብትቀይር፣ በአምስት አምስት ደቂቃ ግማሽ ሰዓት ነው። ያ ግማሽ ሰዓት በዝምታ ያልቃል ወይስ በጨዋታ?

ከፊቷ ሆናችሁ ራሳችሁ ሠርታችሁ አሳዩ። «አሁን እግርህን ላነሳ ነው። ኡፍ፣ ቀዘቀዘህ አይደል?» በሉትና ዝም በሉ። በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። በጣም የሚከብደው ይህች አምስት ናት፤ አዋቂ ዝምታ ስለማይወድ ቶሎ ይሞላዋል። ልጁ ግን መልሱን ለማዘጋጀት ጊዜ ይፈልጋል። ድምፅ ወይም እንቅስቃሴ ሲያሳይ ያንኑ ድገሙለት።

ከዚያ እሷ ትሞክር። አንድ ጥሩ ያደረገችውን ንገሯት፣ አንድ የሚቀየር ነገር ጨምሩ። አንድ ብቻ፣ ለሳምንት። በሚቀጥለው ሳምንት ምግብ ሲበላ፣ ከዚያ እጅ ሲታጠብ ተመሳሳዩን አድርጉ።

በየትኛው ቋንቋ? ጅማ ነውና ጥያቄው አይቀርም። አፏን በፈታችበት ቋንቋ ታናግረው፣ ኦሮምኛም ይሁን አማርኛ ወይም ዳውሮኛ። ቤቱ ሌላ ቋንቋ ቢነገርም ልጅ ሁለት ቋንቋ አብሮ መልመድ ይችላል። በተሰባበረ አማርኛ አንድ ሁለት ቃል ከምትወረውርለት፣ በራሷ ቋንቋ ብታወራው ይሻለዋል።

3. ሦስት ልማዶችን አስቁሙ

አንደኛው ማስፈራራት ነው። «ጅብ ይበላሃል»፣ «ሐኪሙ ይወጋሃል»። ልጁ ዝም ይላል፣ ግን ከፍርሃት ነው። ምትክ ስጧት፦ አቅፋ «ተናደድክ፣ ኳሱን ስለወሰደብህ ነው» ትበለው።

ሁለተኛው እናት ተደብቃ መውጣቷ ነው። ልጅ በስምንትና ዘጠኝ ወሩ አካባቢ መለየትን መፍራት ይጀምራል። እናቱ ድንገት ከጠፋች ቀኑን ሙሉ በሩን ሲጠብቅ ይውላል። «ቻው» ተብሎ ቢያለቅስም ይረጋጋል። ሞግዚቷ ለእናትየዋ ይህን የማስረዳት ድፍረት እንዲኖራት አብራችሁ ተለማመዱ።

ሦስተኛው ቴሌቪዥን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን አይመክርም። አጥፉት፣ ክርክር አያስፈልግም።

4. መጫወቻና አደጋ

ውድ መጫወቻ አትግዙ። ሐሙስ ገበያ ዘንቢልና የእንጨት ማንኪያ አለላችሁ። ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ትንሽ የቡና ፍሬ ጨምራችሁ ክዳኑን በሙጫ ብታሽጉት ይንሿሿል። ክዳኑን በየቀኑ ፈትሹ፣ ፍሬው ከወጣ ያንቃል። ቆሎና ለውዝም እንደዚያው፤ ትንንሽ ልጆች አጠገብ አይቀመጡ።

ጀበና ጅማ ላይ አይቀርም፣ አስቀሩም አልልም። ልጆች በሚድሁበት ክፍል ግን ከሰልም ጀበናም አይግባ። ቡናው ሌላ ክፍል ይፈላ። ጨቅላ ሲተኛ ደግሞ በጀርባው ይሁን። ዳይፐር ከተቀየረ በኋላና ከምግብ በፊት እጅ በሳሙና ይታጠባል።

5. ምን እንደምትመዘግብ አስተምሯት

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ደብተር ይበቃል። ሞግዚት በሽታ አትመረምርም፤ ያየችውን ትጽፋለች። በዘጠኝ ወሩ ሳይደገፍ የማይቀመጥ፣ በ18 ወሩ የማይራመድ፣ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል አጋጥሞ የማይናገር፣ ወይም ይችል የነበረውን ያጣ ልጅ ካለ ለወላጅ ተነግሮ ጤና ጣቢያ ይታያል። የመጨረሻው በተለይ ነገ የሚባል አይደለም።

ከኢንተርኔት የሚወርዱ የእድገት ሰንጠረዦች አንዳንዶቹ የእኛ ልጆች አይተውት በማያውቁት ዕቃ ይለካሉ። «ዴንቨር» የተባለው የአሜሪካ መመዘኛ ለጅማ ልጆች እንዲስማማ ተስተካክሎ ጥናቱ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። ባለሙያ ስታገኙ ስለዚህኛው ጠይቁ።

6. ተመለሱ

ከሁለት ወር በኋላ በርጩማዋን ይዛችሁ ያንኑ አንድ ሰዓት እንደገና ቁጠሩ። ቁጥሩ ካልተቀየረ ሞግዚቷን ከመውቀሳችሁ በፊት ስንት ልጅ እንደሰጣችኋት እዩ። ዓመት ያልሞላቸው ከሦስት አራት በላይ ሕፃናት የያዘች ሴት ስታጥብና ስትቀይር ትውላለች፤ እስከ አምስት የምትቆጥርበት ፋታ ከየት ይምጣ? ያን ጊዜ የሚያስፈልጋችሁ ሌላ ስልጠና ሳይሆን ሌላ ሞግዚት ነው።